«ከእንግዲህስ ይኸው ነው»

የእናቴን ግቢ በሲሚንቶ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ከበሩ እስከ በረንዳው ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ጌሾ ነበረ። ክረምት ሲገባ ጭቃው በጫማችን ሳሎን ድረስ ይከተለን ነበር። ቆንጆ ግቢ ማለት ንጹሕ ግቢ ነው፣ ንጹሕ ግቢ ማለት ደግሞ አፈር የማይታይበት ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ግራጫና ቀይ ታይልስ ተነጠፈ፤ እናቴ ጤና አዳሟን በቀለም ጣሳ አዛውራ አተረፈች። ባለፈው ዓመት ታይልሱን በዶማ ያስፈነቀልኩትም እኔው ነኝ። አፈሩ ብቅ ሲል ደስ አለኝና «ከእንግዲህስ ይኸው ነው፤ ይቺ ግቢ አትነካም» አልኳት። «ታይልሱ ያለቀ ቀንም እንዲሁ ነበር ያልከው፣ ልጄ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ቃል በቃል ያንኑ ብዬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ምርጫ ለምን እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ነገር ባገኘሁ ቁጥር እያነበብኩ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር በጣም ስለደነቀኝ ነው ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት።

በመጀመሪያ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከ19,000 በላይ ሰዎችን፣ ከ18 እስከ 68 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ። አንዳንዶቹን «ባለፉት አሥር ዓመታት ምን ያህል ተለወጣችሁ?» አሏቸው፤ ሌሎቹን «በሚመጡት አሥር ዓመታትስ ምን ያህል የምትለወጡ ይመስላችኋል?»። ወደ ኋላ የተመለከቱት ብዙ ተለውጠናል አሉ። ወደ ፊት የተመለከቱት ግን ትንሽ ብቻ እንለወጣለን አሉ። የ20 ዓመቱ ወጣት ብቻ ሳይሆን የ50 ዓመቱ ጎልማሳም እንዲሁ። ሁሉም የለውጥ ዘመኑ ትናንት ያበቃ፣ ዛሬ ደግሞ የመጨረሻውን ራሱን ያገኘ ይመስለዋል።

ይህን በገንዘብም ፈተኑት። ዛሬ የምትወዱት የሙዚቃ ቡድን ከአሥር ዓመት በኋላ ቢያዜም ለመግቢያ ስንት ትከፍላላችሁ ሲባሉ፣ ሰዎች በአማካይ 129 ዶላር አሉ። ከአሥር ዓመት በፊት ትወዱት የነበረው ቡድን ዛሬ ቢያዜምስ ሲባሉ 80 ዶላር። ልዩነቱን አያችሁት? የድሮው ፍቅራችን እንደቀዘቀዘ እናውቃለን፤ የዛሬው ይቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ ግን አይሆንልንም። ነገሩ ሙዚቃ ሆነ እንጂ ሶፋ ቢሆን፣ መጋረጃ ቢሆን፣ የግድግዳ ቀለም ቢሆን ያው ነው ባይ ነኝ።

እሺ፣ ይለወጣል። ግን ምን ይለውጠዋል? ብዙ ሰው መልሱ ፋሽን ነው ይላል። ፋሽን ድርሻ አለው፤ ግን እኔ ያየሁት ብዙው ለውጥ የሚመጣው ቤቱ ራሱ ሌላ ነገር ሲጠይቅ ነው። የዳንቴልን ነገር አስቡት። የድሮውን ሳሎን የምታስታውሱ ሰዎች ቡፌው ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ የነበረውን ነጭ ዳንቴል ትረሱታላችሁ? እናቶቻችንና እህቶቻችን ምሽት ከምሽት በኪሮሽ የሠሩት ነው። ቴሌቪዥን ውድ ነበር፣ እንደ ሣጥን ሰፊ ጀርባና አናት ነበረው፣ ከአቧራም መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቀጠነና ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዳንቴሉ የሚያርፍበት አናት ጠፋ! ልጆቻችን ዳንቴል «የድሮ ነው» ሲሉ የራሳቸው ምርጫ ይመስላቸዋል፤ ነገሩን መጀመሪያ የወሰነው ግን የዕቃው ቅርፅ ነው።

ቡፌውም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ ቤቶቹ ዕጣ ለወጣላቸው የሚሰጡት ውስጣቸው ሳይጠናቀቅ ነበር። ወለሉን ሴራሚክ ማድረግ፣ ግድግዳውን ማስለሰን፣ ኮርኒሱን ጂፕሰም ማሠራት የባለቤቱ ፈንታ ሆነ። ቀድሞ የተከራየውን ቤት እንዳለ ተቀብሎ ይኖር የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ «ወለሉ ምን ዓይነት ይሁን? ኩሽናው ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረበት። ምርጫ ያለህ መሆኑን የምታውቀው ስትጠየቅ ነው። ባለ ሦስት ተከፋቹ ግዙፍ ቡፌ ደግሞ በደረጃው አልወጣም፤ ቢወጣም ባለ አንድ ክፍሉ ስቱዲዮ አልቻለውም። ብዙ ቡፌ በዚያ ሰሞን ተሸጠ፣ ወይም ለዘመድ ተሰጠ።

አንድ ዕቃ ሲገባ ሌላው ተከትሎ የሚወጣበትን ምክንያት ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ ከ250 ዓመት በፊት በደንብ ጽፎታል። ደኒ ዲድሮ ይባላል፤ ፈላስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ስለ አሮጌ የቤት ካባው አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፈ። የሚያምር ቀይ ካባ በስጦታ ያገኛል። ያንን ለብሶ ቢቀመጥ የገለባ ወንበሩ አሳፈረው፤ በቆዳ ወንበር ለወጠው። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች እያለ ክፍሉ በሙሉ ተለወጠ፤ እሱም አሮጌውን ካባ ናፈቀ። ግራንት ማክራከን የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ሰንሰለት በዲድሮ ስም ሰየመው። አዲስ ሶፋ ገዝታችሁ በሳምንቱ ምንጣፉ ያረጀባችሁ፣ በወሩ መጋረጃው ያስጠላችሁ ሰዎች፣ የደረሰባችሁ ይህ ነው። ምንጣፉ በሳምንት ውስጥ አላረጀም፤ አጠገቡ የቆመው ተለወጠ እንጂ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ አዲስ ዕቃ ሲገባ ለሦስት ወር ሌላ ምንም እንዳይነካ ቤተሰቡን እለምናለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ምንጣፉ ብዙውን ጊዜ መልሶ ይታረቀናል።

እንዲህ የሚሆነው ዓይን ስለሚለምድ ነው። ሮበርት ዛዮንትስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ትርጉም የለሽ ቃላትንና ሰዎች የማያውቋቸውን ፊቶች ደጋግሞ እያሳየ ሲጠይቅ፣ ደጋግመው ያዩትን ይበልጥ እንደሚወዱት አገኘ። ምንም ሌላ ምክንያት ሳይኖር፣ ስላዩት ብቻ። የኤል ቅርፅ ያለው ሶፋ መጀመሪያ ጎረቤት ቤት ስታዩት «ይሄ ምንድነው?» ትላላችሁ። ከዚያ አክስታችሁ ቤት፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ቤት ታዩታላችሁ። በአምስተኛው ቤት የእናንተው ሶፋ አንድ ነገር የጎደለው መስሎ ይታያችኋል።

ከዓይን ሳንወጣ፣ ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በየቤቱ የሚያጣላ ጉዳይ ነውና። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን በጨለማ እንደ ወጣትነቱ አይሰፋም፤ ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ ልጅ ደብዘዝ ያለ ቢጫ መብራት ሲያምረው፣ እናቱ «ቤቱ ጨለማ ነው» ብትል ሁለቱም እውነት እያወሩ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሁለት የተለያየ ክፍል እያዩ ነው። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ጂቬርኒ በሚባል መንደር ራሱ የተከለውን የአትክልት ስፍራ ለዓመታት ሲስል ኖሯል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ሲሸፈኑ ያው የኩሬው ድልድይ በሥዕሎቹ ላይ ቀይና ቡናማ እየሆነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ግቢው በዚህ ሁሉ ጊዜ ያው ነበር፤ የተለወጠው ዓይኑ ነው። እናቴ ሳሎኑን በነጭ አምፖል ማብራቷን እንደ ጣዕም ጉድለት ቆጥሬ የተከራከርኳት ጊዜ አለ። አሁን እሷ የምትቀመጥበት ጥግ ላይ ደማቅ መብራት አስገብቻለሁ።

ወደ ግቢው እንመለስና፣ ልቤን የሚነካው ታሪክ የእንሰት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት ምግብ ነው፤ ቆጮ፣ ቡላ፣ አሚቾ ሆኖ ሚሊዮኖችን ያኖራል። ምጽዋ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. በ1853 ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው ኪው የዕፅዋት ስፍራ ላከ። እንግሊዞች የወደዱት የቅጠሉን ስፋትና ግርማ ነው፤ ለውበት ተከሉት። እስከ ዛሬ ቀይ ቅጠል ያለውን ዓይነት በበጋ ግቢያቸው ውስጥ ያቆሙታል፤ ውርጭ ሲመጣ እንደ ሕፃን ጠቅልለው ያስገቡታል። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ግቢያችን የሰለጠነ እንዲመስል እንሰቱን ነቅለን ከውጭ የመጣ ዘንባባ እንተክላለን። ቀጋም እንዲሁ ነው፤ የጽጌረዳ የሥጋ ዘመድ፣ ነጭ አበባው የሚያምር፣ ፍሬውን ልጅ ሆነን የበላነው። አጥር አድርገን እንተወዋለን እንጂ በር ላይ አንተክለውም። ሁልጊዜ በቅርብ ያለ ነገር ውበቱ ይሰወራል፤ ከሩቅ ሲያዩት ይታያል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች በረንዳችሁ ላይ ጤና አዳም በሸክላ የተከላችሁት ለዚህ ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ሳላችሁ ስንቶቻችሁ ትኩር ብላችሁ አይታችሁት ነበር?

ሳሩን እንኳ ተሳስተንበታል። ግቢ ላይ የተዘረጋ ለምለም መስክ የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። በእርግጥ እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ የሳር ማጨጃ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው፤ ከዚያ በፊት በአውሮፓ እንዲህ ያለ መስክ ብዙ አጫጅ መቅጠር ለሚችል ባለጸጋ ነበር። ጉራጌ አገር ግን ጀፎረ አለ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ፣ የመንደሩ ሁሉ የሆነ፣ ከብት የሚግጥበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚቀመጡበት ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና። አይታችሁ ካላወቃችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ እኔ ከእሱ የሚበልጥ የቤት ደጃፍ አላየሁም።

እንግዲህ ምርጫችን እንደሚለወጥ ካወቅን ቤታችንን እንዴት እንሥራው? እዚህ ላይ በጣም የረዳኝ አንድ ሐሳብ አለ። ፍራንክ ደፊ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ጀመረው፤ ስቱዋርት ብራንድ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1994 አሰፋው። ቤት አንድ ነገር አይደለም፤ በተለያየ ፍጥነት የሚያረጁ ሽፋኖች ድርብርብ ነው ይላሉ። መሬቱ ዘላለማዊ ነው። መሠረቱና ምሰሶው ከ30 እስከ 300 ዓመት ይቆማል። የውጭው ገጽ 20 ዓመት ገደማ፣ ቧንቧና ሽቦው ከ7 እስከ 15 ዓመት። ዕቃው ደግሞ በየጊዜው ይንቀሳቀሳል። ግቢም እንዲሁ ነው። በሶብላ በየዓመቱ ይዘራል፤ ጽጌረዳ ለዓመታት ይኖራል፤ ጥድ የሚተከለው ለልጅ ልጅ ነው።

የእኔ ጥፋት የገባኝ እዚህ ጋ ነው። የዚያን ሰሞን ምርጫዬን በፈጣኑ ሽፋን ላይ ማሳረፍ ስችል በዘገምተኛው ላይ አሳረፍኩት። በረንዳውን ግራጫና ቀይ ቀለም ብቀባው ኖሮ በሁለት ዓመት ሰልችቶኝ በአንድ ቅዳሜ እለውጠው ነበር። ታይልሱን እንኳ ለማንሳት ሦስት ቀን በቃ። ያኔ ግን መኪና ማቆሚያ ይሁን ብዬ የኮክ ዛፉንም አስቆርጬ ነበር። አባቴ የተከለው ነው፤ ነሐሴ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይበቃ ነበር። በእሱ ቦታ የተከልኩት ችግኝ አሁን እስከ ወገቤ ደርሷል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ውስጥ «ይሄንንስ መቼም አልለውጠውም» የምትሏቸውን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቀኑን አድርጉበት፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ለጥፉት። ግድግዳውን ቀቡት፣ ሶፋውን አዙሩት፣ መጋረጃውን እንዳሻችሁ ቀይሩት። ዛፍ ከመቁረጣችሁና ሲሚንቶ ከማፍሰሳችሁ በፊት ግን ያንን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት።