መልኩን የሚለውጥ የጉበት ጠላት

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ/ም የተቋቋመ የሕክምና ምርምር ተቋም ይገኛል። ሊቃውንቱ ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ዛሬ ስለ እርሱ መጻፋችን፣ «ቫይረሱ ተኝቷል ተብያለሁ» ብሎ ተዘልሎ የሚቀመጥ በሽተኛ ስለማይጠፋ ነው።

የዚህ ቫይረስ የዘር ጽሕፈት 3,200 ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። ቫይረሱ ሲባዛ ጽሕፈቱን ይገለብጣል፤ ነገር ግን የተገለበጠውን የሚያርም መሣሪያ የለውም። አራሚ ያላየው የብራና መጽሐፍ ስሕተቱን ይዞ ከቅጂ ወደ ቅጂ እንደሚሄድ፣ ይህም እንዲሁ ነው። ለውጡን ሊቃውንት ሚውቴሽን ይሉታል። ብዙው ለራሱ ለቫይረሱ አይበጀውም፤ ጥቂቱ ግን ይጠቅመዋል።

ቫይረሱ በብርቱ ሲባዛ ኢ አንቲጅን የሚባል ፕሮቲን በደም ውስጥ ይታያል። ይህ ምልክት ሲጠፋ ቫይረሱ ተዳከመ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ይሁን እንጂ 1896ኛው ፊደል የተለወጠ እንደ ሆነ፣ ቫይረሱ ፕሮቲኑን መሥራት ይተዋል እንጂ መባዛቱን አይተውም። ምልክቱ ጠፋ፤ ሌባው ግን ከቤት አልወጣም። 1762ኛውና 1764ኛው ሲለወጡ ደግሞ የጉበት ካንሰር የሚያሰጋ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል።

በኬንያ የሚበዛው ዝርያ ኤ1 ነው፤ ምልክቱን የሚያጠፋበት ሌላ መንገድ ስላለው፣ ብዙ ሰዎች ገና በወጣትነታቸው ኢ አንቲጅን አይታይባቸውም። በአገራችን ኤ እና ዲ የተባሉት ዝርያዎች ይገኛሉ።

ስለዚህ ምልክቱ የጠፋለት ሰው የቫይረሱን ብዛትና የጉበቱን ሁኔታ በየጊዜው ማስመርመር ይገባዋል። ጉበት ሕመሙን ቶሎ አይናገርምና፣ ሆድ ውኃ እስኪቋጥር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቴኖፎቪር የተባለው ክኒን ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ይገታዋል፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ/ም የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሯል።

ለእመቤቶችም አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ/ም በምሥራቅ ኬንያ የሻገተ በቆሎ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ነው፤ ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ የካንሰሩን ሥጋት እጅግ ያበዛዋል። እንዲህ ያለውን እህል ማጠብም ሆነ መቀቀል መርዙን አያስወግደውም።

ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ/ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ ስላልተከተቡ፣ መመርመር በይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ናቸው።