ማርያም የሳመችውና ሜላኖማ

በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የሚባለው ጥቁር ነጥብና ሜላኖማ የተባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር የሚነሡት ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ነው፤ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጠው ሜላኖሳይት። ነጥቡ የእነዚህ ሕዋሳት ትንሽ ክምችት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ባለበት ይኖራል። ሜላኖማ ግን በጊዜ ካልተደረሰበት ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይዛመታል። ሁለቱ ገና ሲጀምሩ በዓይን ቀርቶ በማይክሮስኮፕም የሚያወዛግቡበት ጊዜ አለ፤ ስሕተቱ በየትኛውም በኩል ቢሆን ለታማሚው ከባድ ነው።

በአንድ ሰው ገላ ያሉ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ተመሳሳይ ዲኤንኤ ይዘዋል። በውስጡም ፕሮቲን የሚሠራባቸው 20,000 ያህል ዘረ መሎች ተጽፈዋል። የጉበት ሕዋስ ከቆዳ ሕዋስ የሚለየው ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑትን በማንበቡና ሌሎቹን ዘግቶ በመተዉ ነው። የተነበበው ዘረ መል ኤምአርኤንኤ የተባለ ቅጂ ይወጣለታል፤ በቅጂውም ፕሮቲን ይሠራል። ይህ የዘረ መል መገለጥ ይባላል።

በ2002 እ.ኤ.አ. ብዙ ሜላኖማዎች ብራፍ በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ እንዳላቸው ታወቀ። ለውጡ ሕዋሱን ያለ ፋታ እንዲባዛ ይገፋፋዋል። የካንሰሩ ምንጭ የተገኘ መሰለ። በዓመቱ ግን ያው ለውጥ ጉዳት በሌላቸው በአብዛኞቹ ጥቁር ነጥቦች ውስጥም ተገኘ። ስለዚህ ብራፍ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ልዩነቱ በሌሎች ዘረ መሎች መገለጥ ላይ ይታያል። በነጥቡ ውስጥ ሕዋሳቱ ጥቂት ከተባዙ በኋላ ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራሉ፤ ይህም መባዛትን ከሚገቱት ልጓሞች አንዱ ነው። በብዙ ሜላኖማዎች ውስጥ የፒ16 ዘረ መል ጠፍቷል፣ ወይም ተዘግቷል። ሕዋሱን ከጎረቤቶቹ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ኢ-ካድሄሪንም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ሕዋሱ ከቦታው ተላቆ የሚጓዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለምርመራ ይበልጥ የጠቀመው ግን ፕሬም የተባለው ዘረ መል ነው። በጤናማ ሰው በዋናነት የሚገለጠው በወንድ የዘር ፍሬ ሲሆን፣ በቆዳ ሜላኖሳይት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። በሜላኖማ ይነቃል። ከቆዳ የተቆረጠው ናሙና በፎርማሊን ይቆያል፣ በሰም ይታሸጋል፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ልክ ተሸንሽኖ መስታወት ላይ ይነጠፋል። ከዚያ የፕሬምን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ከቀለም ጋር ይጨመርበታል። ፕሮቲኑ ካለ የሕዋሱ አስኳል ቡናማ ይሆናል። የቆዳው የራሱ ቀለምም ቡናማ ስለሆነ፣ በጣም በጠቆረ ናሙና ላይ ሁለቱ እንዳይምታቱ ቀይ ቀለም ይመረጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በተነሡበት ቦታ ካሉ ሜላኖማዎች 83 በመቶው ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑ ሕዋሳታቸው እንደቀለሙ አሳየ፤ ጉዳት ከሌላቸው ነጥቦች ደግሞ 86 በመቶው ከነጭራሹ አልቀለሙም። የቀሩት ከሁለቱም ወገን ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ በተለይ ዴስሞፕላስቲክ የተባለው የሜላኖማ ዓይነት ብዙ ጊዜ ሳይቀልም ያልፋል። ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ የሕዋሳቱን ቅርጽና አደራደር አይቶ እንጂ በፕሬም ብቻ አይፈርድም።

ሳይቆረጥ የሚመረመርበት መንገድም ተሠርቷል። ማጣበቂያ ወረቀት ነጥቡ ላይ ተለጥፎ ሲላጥ የላይኛውን ስስ ቆዳ ይዞ ይነሣል፤ ከዚያም የፕሬምና ሊንክ 00518 የተባለው የሌላ ዘረ መል ቅጂዎች ይፈለጋሉ።

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ሜላኖማ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን በ1981 እ.ኤ.አ. ለሞት ያበቃው በእግር ጣቱ የጀመረ ሜላኖማ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ካንሰር የብራፍ ለውጥ የሚገኘው በጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ ፕሬም ግን በአብዛኞቹ ይገለጣል። ስለዚህ የቀለሙ ምርመራ ለውስጥ እግር ናሙናም ያገለግላል። የማጣበቂያው ምርመራ ግን ለመዳፍ፣ ለውስጥ እግርና ለጥፍር አልተዘጋጀም፤ እዚያ የወጣ አጠራጣሪ ነጥብ ተቆርጦ መታየት አለበት።