የጓሮ ፈጠራዎ ስንት ያወጣል?

የመካነ ሰላምንና የአካባቢውን ደጋ የሚያውቅ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ አይረሳም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ የጓሮው ውሃ በጀሪካን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጎመን የምታበቅል እናት ፈጣሪ ብትሆን አይገርምም። ሥሩን በስታ ውሃ የምታንጠባጥብበት ጀሪካን፣ ሌሊት ችግኝ ላይ የምትደፋው የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ሁሉም መፍትሔ ነው። እርስዎ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር ካለ ይህን ታሪክ ይስሙኝ።

"ሻርክ ታንክ" የተባለውን የአሜሪካ ፕሮግራም ሳያዩት አይቀሩም። ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ የጃፓን ፕሮግራም ነው። የፈጠራው ባለቤት ባለሀብቶች ፊት ቆሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በምትኩ ከድርጅቱ ድርሻ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆኒ ጆርጅስ የተባለ የፍሎሪዳ ሰው "ትሪ ቲፒ" የሚለውን ፈጠራውን ይዞ ቀረበ። ዕቃው በወጣት ዛፍ ግንድ ዙሪያ የሚቆም የፕላስቲክ ድንኳን ነው፤ ውሃውን ሥሩ ዘንድ ያቆያል፣ ከውርጭም ይከላከላል። የእኛ ሃይላንድ ታላቅ ወንድም በሉት።

ሰውየው በ20 በመቶ ድርሻ 150 ሺህ ዶላር ጠየቀ። ይህ ማለት "ድርጅቴ በሙሉ 750 ሺህ ዶላር ያወጣል" ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገውን ገንዘብ ያውቃል፤ ይህን ስሌት ግን አይሠራም።

ቀጥሎ የዋጋ ጥያቄ መጣ። አንዱን ለማምረት 2.95 ዶላር ያወጣል፣ በ4.50 ይሸጣል። ለምን አታስወድደውም ሲሉት፣ ደንበኞቼ ገበሬዎች ናቸው አለ። በመጨረሻ ጆን ፖል ደጆሪያ የተባለው ባለሀብት የጠየቀውን በሙሉ ሰጠው። ልብ የሚነካ ነው፤ እኔ ግን በሙያዬ ማርኬቲንግ ነኝና ሐሳቤ ከጠያቂዎቹ ጋር ነው። 1.55 ዶላር ትርፍ ለአከፋፋይና ለባለ ሱቅ ሲካፈል ለአምራቹ ምን ይተርፋል? ደጆሪያን የመሰለ ሰው ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ እርስዎ ወጪዎን ሲያሰሉ የጉልበትዎንም ይጨምሩ። "እኔው ነኝ የምሠራው" ብለው በነፃ አይቁጠሩት፤ ሺህ ፍሬ ሲታዘዝ ሠራተኛ መቅጠርዎ አይቀርም።

ቴሌቪዥን ላይ ከመውጣትዎ በፊትም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ይሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለአነስተኛ ፈጠራ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለሌላ አምስት ዓመትም ይታደሳል። የተበሳ ጀሪካን እንደ አዲስ ነገር አይቆጠርልዎትም። ጠብታውን የሚመጥን ክዳን ሠርተው ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው።

መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ ንግግር አያብዙ። ሁለት የጎመን ችግኝ ይያዙ፤ አንዱ ውርጭ የመታው፣ ሌላው በእርስዎ ዕቃ ተሸፍኖ ያደረ።