ካርቶኑ የማይነግረን

ከዲማ ተነሥቶ ስልክ ሊገዛ ደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው ሞባይል ቤት ሲገባ መጀመሪያ እጁ ላይ የሚቀመጥለት ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ በቁጥር ተሞልቷል፦ ራሙ ይህን ያህል፣ ሚሞሪው ይህን ያህል፣ ካሜራው ይህን ያህል ሜጋፒክስል፣ ባትሪው ይህን ያህል ሚሊአምፒር-ሰዓት። ሻጩም ዕቃውን የሚያሞግሰው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው። ስልኩ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ማንበብና መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ እንከን ሲገኝበት የሚያስተካክለው ኩባንያ ከኋላው ይኑር አይኑር የሚናገር መስመር ግን ካርቶኑ ላይ የለም። ገዢውን ከዓመት በኋላ የሚያማርረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ያልተጻፈው ነው።

ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ሚሞሪ ጎተራ ነው፤ ዘፈኑ፣ ፎቶው፣ ቪዲዮው ይከማችበታል። ራም ግን ምጣዱ ነው፤ ስልኩ በዚህች ደቂቃ የሚሠራው ሁሉ የሚጋገረው እሱ ላይ ነው። ጎተራው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ምጣዱ ጠባብ ከሆነ እንጀራው ቶሎ አይደርስም። «ስልኬ ስታክ አደረገ» የሚባለው በብዛት ራሙ ሲጨናነቅ ነው። ስልኩ ለአዲሱ ሥራ ቦታ ፍለጋ ከጀርባ የተከፈተውን ይዘጋል፤ ለዚህም ነው አንዳንዴ መልእክት ገብቶ ሳይጮህ የሚቀረው።

መብራት እንደልብ በማይገኝበት ገጠር ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ራም አይደለም፤ ቻርጅ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። ኖኪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው 105 የተባለው ባለ በተን ስልክ የመስኮቱ ስፋት 1.4 ኢንች፣ ባትሪው 800 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብቻ ነበር። ሆኖም ካልተደወለበት በአንድ ቻርጅ እስከ 35 ቀን ይቆያል ተብሎለታል፤ ጫፉ ላይም ባትሪ አለው፣ ማታ በረት ለማየት የሚበራው ማለት ነው። የዛሬ ተች ስልኮች ባትሪ ስድስትና ሰባት እጥፍ ይበልጣል፤ ግን መስኮቱና ኢንተርኔቱ ስለሚበሉት ብዙዎቹ በየማታው ሶኬት ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነገሩን አይፈታውም።

ወደ ሶፍትዌሩ እንግባ። ተራዎቹ ባለ በተን ስልኮች የሚሠሩት በአንድሮይድ አይደለም። ከቺፑ ጋር ተያይዞ በሚመጣ፣ ስሙን ከባለሙያ በቀር ማንም በማያውቀው ትንሽ ሥርዓት ነው። አንድሪው ሁዋንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ2013 እ.ኤ.አ. ሼንዘን ከተማ በ12 ዶላር የገዛውን አንድ ስልክ ፈታትቶ ውስጡን ለዓለም አሳይቶ ነበር። በ260 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ቺፕ፣ 8 ሜጋባይት ራም፤ በቃ። አንድ ረጅም ዘፈን እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይይዝ ይችላል።

እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ቦታ ያገኛል? ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ፊደል በ16 በ16 ነጠብጣብ ቢሣል 32 ባይት ይይዛል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. የእኛን ፊደል ሲቀበል ያስገባው 345 ምልክት ነበር፤ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይቀሩ። ሁሉም ተደምሮ 11 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። የዚያ የ12 ዶላር ስልክ ራም ከዚህ ከ700 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ርካሽ ስልክ ላይ አማርኛ ሲታጣ «ቦታ ስለሌለ» የሚለው ማመካኛ አያስኬድም። ፊደሉን የሚያስገባ ሰው፣ የሚያስገባበትም ምክንያት ስላልነበረ ነው። ገበያው ትልቅ መሆኑን የተረዱት አምራቾች ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚሠራው የሼንዘኑ ትራንሽን በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ፤ አማርኛ ያለው ባለ በተን ስልክም ብርቅ መሆኑ ቀረ።

ፊደሉ በሌለበት ስልክ ላይ የሚሆነው ይታወቃል፤ በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። መልእክቱ ደርሷል፣ አልጠፋም፤ ስልኩ ግን የሚሥልበት ፊደል የለውም። ችግሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ለጉራጌ ቋንቋዎች የተዘጋጁ አንዳንድ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራና ያልታደሰ ስልክ የያዘ ሰው በእነዚያ ፊደላት ቦታ ዛሬም ሳጥን ነው የሚያየው።

ሌላው ነገር ማንም ሳይነግረን ለዓመታት ስንከፍልበት የኖርነው ነው። አጭር መልእክት የተሠራው በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ነው። ለአንድ ፊደል 7 ቢት ይበቃል ተብሎ በመታሰቡ አንዱ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ ለእያንዳንዱ 16 ቢት ይመደብለታል፤ የመልእክቱም ልክ ወደ 70 ይወርዳል። ከቢቸና ወደ ዲማ የተላከ እንዲህ ያለ መልእክት ይታሰብ፦ «ሰላም ጋሼ፤ በሬው ተሸጧል፤ ገንዘቡን ነገ ከቢቸና ስመለስ እልካለሁ፤ ለእማማ ሰላም በሉልኝ።» ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 58 ነው፤ በአንድ መልእክት ያልፋል። ላኪው «ዝናቡም ዛሬ ቆመልን።» ብሎ ቢጨምር 72 ይሆንና ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠርበታል። በላቲን ፊደል ቢጽፈው ግን ዝናቡም ሰላምታውም ተጨምሮ ከ160 በታች ነበር። አስገራሚው ደግሞ በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት መሐል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ በ16 ቢት እንዲቆጠር ማድረጓ ነው። ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ የነበረው ዘመናዊ ለመምሰል ብቻ አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የቆየው የአጭር መልእክት አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት ብዙው ስልክ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀውም መልእክቱ ከ70 ፊደል ሲያልፍ እጥፍ ያስከፍል ነበር።

በባለ በተን ስልክና በአንድሮይድ መካከል ሦስተኛ መንገድ የሞከሩም አሉ። ሞዚላ ፋየርፎክስ የተባለውን መቃኛ መሠረት አድርጎ የስልክ ሥርዓት ሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ከዚያ ፍርስራሽ ላይ ካይኦኤስ የሚባል ሥርዓት ተነሣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በተን ያለው፣ በ256 ሜጋባይት ራም እንኳ የሚሠራ፣ ግን ኢንተርኔትና ካርታ ያለው ስልክ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖኪያ 8110 አራተኛ ትውልድ የሚሠራው በዚህ ነው፤ 512 ሜጋባይት ራም፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 1500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ። ሕንድ ውስጥ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራው ጂዮፎን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ኢትዮጵያዊ ገዢ ግን የካይኦኤስ ስልክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቴሌግራም አለው ወይ ብሎ ነው። የለውም፤ ቴሌግራም ራሱ ለካይኦኤስ ያዘጋጀው ነገር የለም፣ የግል ባለሙያዎች የሞካከሩት እንጂ። አንድሮይድ ላይ ሰው ፋይንግዕዝን ወይም አገርኛን አውርዶ የአማርኛ ኪቦርዱን ያስተካክላል፤ እዚህ እንደዚያ ያለ ቀላል መንገድ የለም። ዋትሳፕም ቢሆን በ2024 እ.ኤ.አ. ለካይኦኤስ አዲስ መጫን አቆመ። ዊንዶውስ ፎን የያዙትም ቀደም ብለው ይህንኑ ጽዋ ጠጥተዋል፤ ዋትሳፕ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘጋባቸው። ስልኮቹ አልተሰበሩም። ባትሪያቸው ይሠራል፣ መስኮታቸው ይበራል፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንዱም አልቀነሰም። ያጡት ጠባቂ ነው።

ብዙ ተጠቃሚ ያለው ሥርዓት ላይ እንከን ሲገኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጮኻል፣ ኩባንያው ይደነግጣል፣ ማደሻ ይልካል። ጥቂት ሰው በሚጠቀምበት ሥርዓት ላይ ግን እንከኑን የሚያየው ሰው ለሻጩ ይነግራል፣ ሻጩ ጠጋኙ ጋ ይልከዋል፣ ጠጋኙ ፎርማት ያደርገዋል፤ እዚያው ላይ ያበቃል። አብዛኛው ተራ ባለ በተን ስልክ ከነጭራሹ በኢንተርኔት አይታደስም። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው እንከን ስልኩ እስኪሰበር አብሮት ይኖራል፤ የሞባይል ጠጋኝ የፋብሪካውን ፋይል አግኝቶ በኬብል ፍላሽ ካላደረገው በቀር።

ማደሻ መኖሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. አፕስትሪም የተባለ የጸጥታ ኩባንያ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ትሪያዳ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበረበት። ትሪያዳ ኤክስሄልፐር የተባለውን ሌላውን ይጠራል፤ እሱ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ ለሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ይመዘግባል፣ የሞላውን ካርድ ይበላል። ፎርማት ቢያደርጉት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። ኩባንያው ከ200,000 በላይ ከሚሆኑ ስልኮች የወጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን እንዳገደ አስታውቋል። በተለይ ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ማንነቱ ካልታወቀ አቅራቢ የመጣ ነው አለ፤ ለትሪያዳ በ2018፣ ለኤክስሄልፐር በ2019 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ማውጣቱንም ገለጸ። ማስተካከያው ግን በስልኩ ባለቤት መውረድ ነበረበት። ካርድ ሞልቶ ሂሳቡ ለምን እንዳለቀ ግራ የገባው ገበሬ በዚያው ካርድ ጥቅል ገዝቶ ማደሻ ያወርዳል ብሎ ማሰብ ከቢሮ ወንበር ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ቴሌው በላብኝ ብሎ የሚያማርር ይበዛል።

ዳታ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ባለ ብዙ ጊጋው ስልክና ባለ በተኑ ስልክ ለብዙ ጉዳይ እኩል ሆኑ። እንዲህ ባለ ቀን የሚያገለግለው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የቆየው መንገድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቴሌብር መተግበሪያ ለሌለው ሰው *127# ተብሎ ይገባበታል። ይህ መንገድም ጠባብ ነው፤ ለአንድ ገጽ የተፈቀደው 160 ባይት ስለሆነ በላቲን 182 ፊደል ሲይዝ በእኛ ፊደል 80 ብቻ ይይዛል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የከፈተው የገበሬዎች ነፃ መስመር 8028 ነገሩን በብልኃት አልፎታል፤ ጽሑፉን ትቶ በድምፅ ይናገራል። ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር የሚሰጠው ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይሰማል። ፊደል ለሌለው ስልክም፣ ፊደል ላልቆጠረ ገበሬም እኩል ይሠራል።

ዲማ ግን ፊደል የቆጠረ አገር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የዲማን ስም ያውቀዋል፤ ደራሲውም ከተማሩባቸው የአብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። የአብነት ተማሪ ስልክ ሲይዝ የሚገጥመው እንከን ከሌላው ሰው የተለየ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደጀመሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት በብዛት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጥ ነው። ዩኒኮድ በ2005 እ.ኤ.አ. ዐሥር ምልክቶችን ተቀብሏል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ከነዝርያቸው። የተቀበላቸው ግን ራሳቸውን ችለው መስመር ላይ እንደሚቆሙ ምልክቶች እንጂ ፊደል ላይ እንደሚፈናጠጡ አድርጎ አይደለም። ስለዚህ ምልክቱን የያዘ ፎንት ያለው ስልክ እንኳ ድፋቱን ከፊደሉ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ይደረድረዋል፤ የሌለው ደግሞ ሳጥን ያደርገዋል። ድጓ ለሚያጠና ሰው ሁለቱም አይጠቅሙትም። እስካሁን የሚያዋጣው የብራናውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ነው፤ ፎቶ ግን ቃል አይፈለግበትም።

ስልክ ገዢ ካርቶኑ ያልነገረውን ሱቁ ውስጥ ቆሞ ራሱ ሊያጣራ ይችላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲሙን አስገብቶ «ቋንቋ፣ ጧፍ፣ ኧረ፣ ፳፻» ብሎ ጽፎ ለራሱ ቁጥር ይላክ። የሚሰናከሉት ብዙ ጊዜ እንደነዚህ ያሉት ዲቃላ ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮች ናቸው፤ «ሰላም» ብቻ ጽፎ መሞከር አያሳይም። ተች ስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው የጸጥታ ማደሻ የተሠራበትን ወርና ዓመት ይይ። ቀኑ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ እዚያው ሱቁ ባለው ዋይፋይ ማደሻ ይፈልግ። «የለም» የሚል መልስ ከመጣ ዋጋው ላይ ለመከራከር በቂ ምክንያት አለው።