ኮምፒውተሩ ስለ ቃጫው የነገርነውን ብቻ ያውቃል

ለፍቼ ጨምበላላ የሲዳማ ሕዝብ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል፤ የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜ ከእንሰት ነው። እናቶች የእንሰቱን ግንድ ሲፍቁ ለምግብ የሚሆነው ወደ ታች ይወርዳል፤ በእጃቸው የሚቀረው ቃጫ ገመድና ምንጣፍ ይሆናል። የአገራችን ተመራማሪዎች ደግሞ ይህንኑ ቃጫ ሬዚን በሚባል ማጣበቂያ አያይዘው ኮምፖዚት የሚባለውን ሰሌዳ ለመሥራት ሲሞክሩ ቆይተዋል። ጭቃ በጭድ አቡክቶ ቤት ለሚመርግ ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ ከሰማያዊ እስከ ቀይ የተቀባ የኮምፒውተር ምስል አይጠፋም፤ ሰሌዳው የት ላይ እንደሚጨነቅ ያሳያል። በምስሉ ዙሪያ ግን ብዙ ተረት አለ።

ዋናው ተረት «ኮምፒውተር ካሰላው ሰብሮ ማየት አያስፈልግም» የሚለው ነው። የቦይንግ 787 ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ ኩባንያው የስሌት አቅም አላጣም። ሆኖም በ2009 እ.ኤ.አ. ለሙከራ የቆመው አውሮፕላን ክንፍ ሲጎብጥ፣ ክንፍና አካል በሚጋጠሙበት ቦታ የኮምፖዚቱ ንብርብር ተላቀቀ። የኮምፒውተር ሞዴሉ ይህን አልተነበየም ነበር። የመጀመሪያው በረራ ተራዘመ፤ መጋጠሚያው ተጠናክሮ አውሮፕላኑ የተነሣው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። በማርች 2010 ደግሞ በሥራ ላይ ሊገጥመው ይችላል ከተባለው ትልቁ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ ተጫነበት፤ ክንፉ 7.6 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ጎብጦ ፈተናውን አለፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኦገስት 2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ይህንኑ 787 (ድሪምላይነር) ሲረከብ፣ ስሌቱም ሙከራውም ያለፈበትን ነው የተረከበው።

ይህ የአንድ ኩባንያ ጉድለት አይደለም። በ1991 እንግሊዝ ውስጥ በተጠነሰሰ ዓለም አቀፍ ፈተና፣ የስብራት ንድፈ ሐሳቦች ባለቤቶች የሙከራውን ውጤት ሳያዩ ኮምፖዚት መቼ እንደሚሰበር እንዲተነብዩ ተጠየቁ። ውጤቱ በ2004 ሲጠቃለል የተወዳደሩት ንድፈ ሐሳቦች 19 ነበሩ። በአንዱና በዚያው ጥያቄ ላይ እጅግ የተራራቁ መልሶች ሰጡ፤ ለመሐንዲሶች ይሁኑ ተብለው የተመረጡት አምስት ብቻ ናቸው። አንድ ሶፍትዌር ገዝቶ «ትክክለኛውን መልስ አገኘሁ» የሚል ሰው፣ ከእነዚያ ንድፈ ሐሳቦች የቱን እንደመረጠለት ቢጠየቅ ደግ ነው።

«ብረት የሚሰላበት መንገድ ለዚህም ይሠራል» የሚሉም አሉ። ብረት ከየትም ቢጎትቱት ያው ነው፤ ለመለጠጥ ባሕርይው ሁለት ቁጥር ይበቃዋል። ፋይበሩ በአንድ አቅጣጫ ለተደረደረበት ኮምፖዚት ግን አምስት ቁጥር ያስፈልጋል። ግማሹ መስታወት ፋይበር፣ ግማሹ ሬዚን የሆነ ሰሌዳ እንውሰድ። የመስታወቱ ግትርነት 72 ጊጋፓስካል፣ የሬዚኑ 3 ቢሆን፣ በፋይበሩ ርዝመት ሲጎተት 37.5 ይወጣል። አግድም ሲጎተት ግን በቀላሉ ስሌት ወደ 6 ይወርዳል። ፋይበሩ በጥቂት ዲግሪ ቢወላገድ እንኳ፣ በተለይ ሲጨመቅ፣ ጥንካሬው ይቀንሳል።

ወደ ቃጫ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። መስታወት ከፋብሪካ ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ቃጫ ግን በእንሰቱ ዝርያ፣ በዕድሜው፣ በግንዱ ውስጥ በነበረበት ቦታና በአፋፋቁ ይለያያል። ክሩ በረዘመ ቁጥር ደካማ ቦታ የማግኘት ዕድሉም ስለሚጨምር፣ በ10 ሚሊሜትር የተለካው ጥንካሬ በ50 ሚሊሜትር አይደገምም። ስለዚህ አንድ አማካይ ቁጥር ከሌላ ሰው ጽሑፍ ገልብጦ ሞዴል ውስጥ መጨመር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቃጫ ማስላት ነው።

ቃጫ የተፈጥሮ ስለሆነ ደካማ ነው መባሉ አያስኬድም። የዕፅዋት ፋይበር በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ መስታወት 2.5 ነው፤ ቅለት በሚፈለግበት ቦታ ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም። ጠላቱ ውኃ ነው። ቃጫ ውኃ ይወዳል፣ ሬዚን ግን ውኃን ይሸሻል፤ ስለዚህ ሁለቱ በደንብ እንዲያያዙ ቃጫው ብዙ ጊዜ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ብዙ ሞዴሎች ግን ሁለቱ ፍጹም እንደተጣበቁ ቆጥረው ነው የሚነሡት። ከጉዱማሌ በማይርቀው ሐይቅ ላይ የቃጫ ጀልባ ላንሳፍፍ የሚል ቢመጣ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ርሶ የከረመውን ናሙና ሙከራ ነው።

«መረቡ በደቀቀ ቁጥር መልሱ ይጠራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሶፍትዌሩ ሰሌዳውን በትናንሽ ቁራጮች መረብ ከፋፍሎ ያሰላል፤ ማድቀቁም ብዙውን ጊዜ ይረዳል። የተለያየ አቅጣጫ ያላቸው ንብርብሮች በሚገናኙበት የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ግን የተለመደው ስሌት ወሰን የሌለው ጫና ይሰጣል። መረቡን ባደቀቁት ቁጥር ቀዩ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይረጋም።

«እንግዲያው ሞዴል ጌጥ ነው» ማለትም ሌላ ተረት ነው። ስምንት ንብርብር ያለው ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ ንብር በ0፣ በ90፣ በ45 ወይም በተቃራኒው 45 ዲግሪ ቢነጠፍ፣ 65,536 ዓይነት አደራደር ይወጣዋል። ይህን ሁሉ ሠርቶ የሚሰብር ቤተ ሙከራ የለም። በትክክል የተለካ ቁጥር ያገኘ ሞዴል አብዛኛውን ያንገዋልላል፤ የቀሩት ጥቂቶቹ ተሠርተው ወደ መጎተቻው ማሽን ይሄዳሉ።