መጀመሪያ ጓንቱን!
የአምቡላንስ ባለሙያ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?



እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ሳሪስ አካባቢ ታክሲ እየጠበቃችሁ ነው። ድንገት የፍሬን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ "ጓ!" የሚል ነገር። አንድ ሞተረኛ አስፋልቱ ላይ ተዘርሯል፤ ከእግሩ ደም ይፈሳል። ሰው ግር ብሎ ከበበው። አንዱ "ኧረ አንሱት!" ይላል። ሌላው "አትንኩት፣ ፖሊስ ይምጣ!" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደሙን ተጠንቀቁ፣ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል" ይላል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ጥያቄ በየዕለቱ በሥራቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ የአምቡላንስ ባለሙያዎች። ከእናንተ መካከል "እኔም እንደነሱ መሆን እፈልጋለሁ" የሚል ካለ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእሱና ለእሷ ነው። ሙያው ከፍጥነትና ከድፍረት በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ራስን መጠበቅ። ራሱን ያልጠበቀ ሰው ሌላውን ሊያድን አይችልም።

ስልኩን ማን ያነሳል?

የክፍለ ከተማችን ስም "ንፋስ ስልክ" የገመድ አልባ መገናኛን ያስታውሰናል። ዛሬ ገመድ አልባው ስልክ በየኪሳችን አለ፤ ነገር ግን ለማን እንደምንደውል ካላወቅን ምን ዋጋ አለው? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ደግሞ በ939 ይገኛል። ስትደውሉ አትጩኹ። ቦታውን በታወቀ ምልክት ንገሩ፤ "ጀሞ 1፣ ከእንዲህ ያለው ሕንፃ ፊት ለፊት" እንደማለት። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ መተንፈሱንና መናገሩን ተናገሩ። የጠየቋችሁን ሳትመልሱ ስልኩን አትዝጉ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት በ1927 ዓ.ም ነው። በግሉ ዘርፍ ደግሞ አቶ ክብረት አበበን እናገኛለን። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ሕክምና ነርስ ነበሩ። ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ፣ ያውም በታክሲና በሰው ጀርባ መሆኑን እያዩ ኖሩ። በመጨረሻ ቤታቸውን ሸጠው አምቡላንስ ገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ጀመሩ። ድርጅቱ በሽተኛ ከማመላለስ አልፎ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል።

ሥልጠናው

አምቡላንስ ማለት ሳይረን ያለው ታክሲ ማለት አይደለም። ልዩነቱ ውስጡ ያለው የሠለጠነ ሰው ነው።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሽተኛ የሚያመላልሱት ፖሊሶች ነበሩ። በ1967 ግን ፍሪደም ሃውስ የሚባል አገልግሎት ተቋቋመ። ሠራተኞቹ ከድሃ ሰፈር የመጡ፣ "ሥራ አይችሉም" ይባሉ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ዶክተር ፒተር ሳፋር የተባሉ ሐኪም ሥልጠናውን ነደፉላቸው፤ ቡድኑም ለአገሪቱ ምሳሌ ለመሆን በቃ። ጀግና ሆኖ የሚወለድ የለም፤ ሥልጠና ነው የሚሠራው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን ጀምሯል። ከሐኪሙ በፊት በሽተኛው ጋ የሚደርሱት ግን የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያኖች፣ ነርሶችና ሾፌሮች ናቸው። ሠልጣኙ ደም ማቆምን፣ የተሰበረ አጥንት መደገፍን፣ በሽተኛን አንገቱን ሳያጣምሙ ወደ ቃሬዛ ማውጣትን ይማራል። ልቡ የቆመን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫንን ይለማመዳል። መንገድ ላይ የምትወልድ እናትን ማዋለድም አለበት። ይህ ሁሉ እጅ እስኪለምደው ድረስ ይደጋገማል፤ በድንጋጤ ጊዜ የሚሠራው የለመደ እጅ ነውና።

ብስለት ሲባል

"ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" ይባላል። የበሰለ ባለሙያ አደጋ ቦታ ሲደርስ ዘሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? የሚያልፉት መኪኖች ቆመዋል? ቀጥሎ ጓንቱን ያጠልቃል። ከዚያ ወደ በሽተኛው ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ራሱ ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል።

ሁለተኛው የብስለት ምልክት ምስጢር መጠበቅ ነው። የአምቡላንስ ሠራተኛ የሰው ቤት ይገባል፤ የሚወስደውን መድኃኒት ያያል፤ ከኤችአይቪ ጋር እንደሚኖር ሊያውቅ ይችላል። ያየውን ሰፈር ውስጥ ማውራት፣ ተጎጂውን በሞባይል ፎቶ ማንሳት፣ በቃ፣ ነውር ነው!

ደሙስ?

አሁን ወደዚያ ሦስተኛ ሰውዬ እንመለስ። "ምን እንዳለበት ማን ያውቃል" ያለው ነገር እውነት ነው፤ ማንም በመልክ አያውቅም። ለዚህም ነው ባለሙያ ጓንት የሚያደርገው ለተጠረጠረ ሰው ሳይሆን ለሁሉም ሰው የሆነው። ለሁሉም ስለሚደረግ ማንንም አያገልም።

ኤችአይቪ እጅ በመያዝ፣ በላብ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ በነካ ደም አይተላለፍም። አስጊው ለሌላ ሰው ያገለገለ መርፌ ሲወጋ፣ ወይም ደም ቁስል ላይና ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው። ያም ሆኖ ቫይረሱ ባለበት ሰው ደም የተበከለ መርፌ ከወጋቸው 1000 ባለሙያዎች፣ መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ፣ የሚያዙት 3 ያህሉ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ከዚህ ይበልጥ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ደግነቱ ክትባት አለው።

ታዲያ መርፌ ቢወጋስ? ቦታውን ሳይጨምቁ በውሃና በሳሙና መታጠብ፤ ዓይን ከሆነ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ። ከዚያ ወዲያው ለኃላፊ መናገር። ፔፕ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚጎዳው ዝምታው ነው፤ "ምን ይሉኛል" እያለ ሰዓቱን ያሳልፈዋል። ይህ መድኃኒት ለባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ተገዶ የተደፈረ ሰውም በዚያው ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ያገኘዋል። ይህን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ሆድ ይፍጀው አይሠራም

ጓንት የማይከላከለው ጉዳትም አለ። ሕፃን እጁ ላይ ያረፈበት ባለሙያ ማታ እንዴት ይተኛል? እንቅልፍ ማጣት፣ ያዩት ነገር ደጋግሞ መታየት፣ በትንሹ መቆጣት ይመጣል። አንዳንዱ በመጠጥና በጫት ሊያስረሳው ይሞክራል። ስካር ደግሞ ማስተዋልን ይወስዳል፤ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነትም ከዚያ ይከተላል። በሥራ ላይ ራሱን ከቫይረስ የጠበቀ ሰው ከሥራ ውጭ ይጋለጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ማውራት ነው። ከከባድ ሥራ በኋላ ከባልደረባ ጋር ቁጭ ብሎ "ዛሬ ምን አየን? ምን ተሰማን?" መባባል፤ እንቅልፍና ምግብን ማክበር፤ ሐዘኑ ሳምንታት ከቆየ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ መሄድ። ይህ የደካማነት ምልክት አይደለም፤ ልክ እንደ ጓንቱ የሥራው አካል ነው።

ከዛሬ ጀምሮ

ሙያው ገና ሩቅ ቢመስልም መንገዱ ከትምህርት ቤት ይጀምራል። በትምህርት ቤታችሁ የቀይ መስቀል ወይም የፀረ-ኤድስ ክበብ ካለ ግቡ፤ ከሌለ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ካገኛችሁ አታሳልፉት። ባዮሎጂን ለፈተና ብቻ አታጥኑት።

ሳሪስ ላይ የወደቀውን ወጣትስ? መኪና ማለፉን እዩ። አንዳችሁ 907 ደውሉ። ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፤ ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከቻለ ራሱ ይያዘው። አንገቱን አታንቀሳቅሱ፤ ታክሲ ውስጥ አትወርውሩት። አጠገቡ ሆናችሁ "አይዞህ፣ እየመጡ ነው" በሉት።

ቸር ይግጠመን!