ካሜራው የት ይዋል?

በ1966 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ማይክል ኮሊንስ ከጀሚኒ 10 መንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ሲሠራ ሀሰልብላድ ካሜራው አመለጠው። ምድር ላይ ቢሆን ወድቆ በተሰበረ ነበር። እዚያ ግን መውደቅ የለምና ቀስ እያለ ርቆ ሄደ፤ ፊልሙንም ይዞት ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ካሜራውን ለእጅ ብቻ አልተዉትም። በጠፈርተኛው ልብስ ደረት ላይ ሀሰልብላዱ የሚሰካበት ማቀፊያ ተሠርቶ ነበር። ካሜራው በዓይን የሚነጣጠርበት መመልከቻ ስላልነበረው፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ደረቱን ወደሚፈልገው ነገር ያዞር ነበር።

ምድር ላይ ያለነው በማንገቻ እንረካለን። አዲስ ካሜራ ሲገዛ ማንገቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከካርቶኑ ይወጣል፤ ገዢው ሳያስብበት ያስረውና አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል። ስለ ሌንስና ስለ ሜጋፒክስል ሲሆን ግን ያው ሰው ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል። ይህ የተገለበጠ ይመስለኛል። ካሜራ ይዞ የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ አይውልምና። የጥር ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ እንኳ ብዙው ሰዓቱ የሚያልፈው ሙሽራዋ ተውባ እስክትወጣ፣ ሚዜዎቹ እስኪሰበሰቡ፣ የመኪናው ሰልፍ እስኪንቀሳቀስ በመጠበቅ ነው። ማንገቻ የሚመረጠው ለእነዚያ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመግባት በፊት፣ ፎቶ በማላነሳበት ጊዜ ካሜራው የት ይዋል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ደረት ላይ? ጎን ላይ? መዳፍ ውስጥ? ቦርሳ ውስጥ?

ጥያቄው ከካሜራ ታሪክ አንጻር የቅርብ ጊዜ ነው። የቀድሞዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ስለሚቆሙ የሚያነግታቸው አልነበረም። በ1925 (እ.ኤ.አ.) ላይፕዚግ በተካሄደው የንግድ ትርዒት ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ላይካ፣ ምንም እንኳ ኮት ኪስ የሚገባ ቢሆን፣ ማንገቻ የሚታሰርበት ቀለበት አልነበረውም። ማንገቻው የተሰፋው በቆዳ ማኅደሩ ላይ ስለነበር ሰው የሚያነግተው ማኅደሩን ነበር። በ1933 የወጣው ላይካ 3 ግን ግራና ቀኝ የብረት ማያያዣ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ያለ ልብስ ደረት ላይ መዋል ጀመረ።

ደረት ላይ መዋል መልካም ነው፤ ችግሩ ክብደቱን የሚሸከመው አንገት መሆኑ ነው። ኒኮን ዲ850 ከነባትሪው 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሠርግ ባለሙያ የማይለየው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ባለ 2.8 የኒኮን ሌንስ ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ስኳር ከአንገት ላይ አንጠልጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሠርግ ማጀብ ማለት ነው። ሰፋ ያለ ማንገቻ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ክብደቱን አይቀንስም። ያንኑ ጫና በሰፊ ቦታ ስለሚበትነው ጠርዙ ሥጋ አይቆርጥም እንጂ አንገት ወደ ፊት መጎተቱ አይቀርም። እንደ ላስቲክ የሚሳቡት ለስላሳ ማንገቻዎች ሱቅ ውስጥ ሲሞከሩ ካሜራውን ያቀለሉት ይመስላሉ፤ መንገድ ሲጀመር ግን በየእርምጃው ይነጥራሉ። ለከባድ ካሜራ አልወዳቸውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጠመንጃ ማንገቻ የለመደ ሰው ያውቀዋል። ማንገቻውን አስረዝሞ ከአንዱ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ጎን በሰያፍ ማንገት። ክብደቱ ከአንገት ወርዶ ትከሻና ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ካሜራው ዳሌ አጠገብ ይተኛል፤ እጅ ሲፈልገው ወደ ላይ ይስበዋል። ከካሜራው ጋር የመጣው ማንገቻ ለዚህ ብዙ ጊዜ ያጥራል። ለዚሁ ታስበው የተሠሩት ደግሞ ረጃጅም ሆነው ካሜራው በማንገቻው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት ያደርጋሉ፤ ትከሻ ላይ ያለው ክፍል ከቦታው አይነቃነቅም።

ከእነዚህ መካከል ካሜራውን ከሥሩ፣ በትራይፖድ ብሎን ቀዳዳ የሚይዙ አሉ። ቀዳዳው በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፦ ሩብ ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ካሜራው ተገልብጦ ስለሚንጠለጠል ለአያያዝ ይመቻል፤ ግን እየተራመዱ በተወዛወዘ ቁጥር ብሎኑ በጥቂት በጥቂቱ ሊላላ ይችላል። በዚህ መንገድ የሚያነግት ሰው በየጊዜው ብሎኑን በጣቱ መፈተሽ አለበት፤ ከዋናው ማንገቻ ሌላ ቀጭን የመጠባበቂያ ገመድ በቀለበቱ ቢያስር ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ትልቅ ሌንስ የራሱ የትራይፖድ እግር ካለው ማንገቻውን እዚያ ማሰር ነው። ከካሜራው ብቻ ከተንጠለጠለ የሌንሱ ክብደት በሙሉ ሁለቱ በሚጋጠሙበት ቀለበት ላይ ይወድቃል።

ሁለት ካሜራ የሚይዙ የሠርግ አንሺዎች ሁለቱንም ትከሻ የሚያቅፍ፣ እንደ ሱሪ መወጠሪያ ያለ ማንገቻ ይለብሳሉ። ለሥራው ጥሩ ነው፤ ድግስ ውስጥ ግን ሰውየው ወታደር ይመስላል።

ትንንሾቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ከመጡ ወዲህ እኔ የማደላው ለእጅ አንጓ ማሰሪያ ነው። ካሜራው መዳፍ ውስጥ ይቆያል፤ ቢያመልጥ አንጓ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደረት ላይ የተንጠለጠለ ካሜራ ከሩቅ ይታያል፤ አንዳንዱ ሰው ገና ሳይነሳ ፊቱን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ይሸሻል። እጅ ውስጥ ወደ ታች የተያዘ ትንሽ ካሜራ ሰላምታ ለመስጠትና ፈቃድ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጣል። ጉዳቱ ግን አንድ እጅ ሙሉ ቀን መታሰሩ ነው፤ ቡና የሚጠጣና ሂሳብ የሚከፍል እጅ ያስፈልጋል። ካሜራው ከነሌንሱ ከ1 ኪሎ ካለፈም አንጓው ቶሎ ይዝላል።

ጃንሜዳ ጥምቀትን ለማንሳት የሚወጣ ሰው ምርጫው ይለያል። ግፊያ ውስጥ አንገት ላይ ብቻ የጠለቀ ማንገቻ አደገኛ ነው፤ ሌባ ቢጎትተው ወይም ሕዝቡ ቢገፋ የሚታነቀው ባለቤቱ ነው። በሰያፍ አንግቶ ካሜራውን በብብት ሥር ወደ ፊት ማምጣትና አንድ እጅ ከላዩ ማሳረፍ ይሻላል። ሹል ዘለበትና ክፍት መንጠቆ ግን የሌላውን ሰው ነጠላ ዘርፍ ይዞ ስለሚሄድ ቤት ይቅር። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው የካሜራው ስምም እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለኩባንያው ማስታወቂያ ተሸክሞ ይዞራል፤ ለሌባም ዋጋውን ይነግራል። ጥቁር ፕላስተር መለጠፍ ወይም ማንገቻውን ገልብጦ ማሰር በቂ ነው።

ማንገቻ ከነጭራሹ መቅረት ያለበት ጊዜም አለ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ ለረጅም ሰከንድ ክፍት ሲሆን የሚውለበለብ ማንገቻ ነፋሱን ሰብስቦ ካሜራውን ያንቀጠቅጣል። ስሜን ተራራ ላይ ኮከብ ለማንሳት የሚቆም ሰው ፈትቶ ኪሱ ቢከተው ያተርፋል። ቪዲዮ በሚቀረጽበት የእጅ ማረጋጊያ ላይም ገመዱ ሞተሩን ስለሚያደናቅፍ ይፈታል። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ማንገቻ ለሕፃን እጅና ለአላፊ ጉልበት የተዘረጋ ወጥመድ ነው። ለዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚፈታ ማያያዣ ይጠቅማል። ፒክ ዲዛይን የሚሠራቸው ክብ ማያያዣዎች በቀጭን ክር የተያዙ ናቸው፤ ኩባንያው እስከ 90 ኪሎ ይችላሉ ይላል። ክሩ ሲያልቅ ከውስጡ ሌላ ቀለም ይወጣል፤ ያን ጊዜ ይቀየራል።

መደበኛውን ማንገቻ የሚያስር ሰው ጫፉን በካሜራው ቀለበት አሳልፎ በዘለበቱ ሲመልሰው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተው። ትርፉ በዘለበቱ ውስጥ ከማንገቻው ሥር ተጨቁኖ ከገባ ክብደት በመጣ ቁጥር ራሱን ያጠብቃል። ከዚያ ካሜራውን አልጋ ላይ አድርጎ ማንገቻውን በሁለት እጅ በኃይል መጎተት ነው፤ የሚያመልጥ ከሆነ እዚያው ያመልጣል። በነገራችን ላይ በብዙ የካኖን ዲኤስኤልአር ማንገቻዎች ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ጎማ ጌጥ አይደለችም። ትራይፖድ ላይ ሆኖ ዓይን ሳይጠጋ ሲነሳ ከኋላ የሚገባው ብርሃን ልኬቱን እንዳያሳስት መመልከቻው ላይ የምትገጠም ክዳን ናት።

አንገት ላይ ያለው ማንገቻ አንድ የተረሳ አገልግሎትም አለው። በደብዛዛ ብርሃን፣ የካሜራው መዝጊያ ሲዘገይ፣ ክንድን ወደ ፊት ገፍቶ ማንገቻው እንዲወጠር ማድረግ እጅን ያረጋጋል። በተለይ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ የሌለው፣ በስክሪኑ ብቻ የሚያነሳ ካሜራ የያዘ ሰው ይሞክረው።

በፋብሪካ የተሠራው አልጥም ላለው፣ መርካቶ ቦርሳና ቀበቶ የሚሰፉ ባለሙያዎች ይሠሩለታል። ቆዳው ሲመረጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአገራችን የበግ ሌጦ በስሱነቱና በልስላሴው ለጓንት ተፈላጊ ነው፤ ለማንገቻ ግን ይሳባል። የሚፈለገው ወፈር ያለ የበሬ ቆዳ ነው። መጋጠሚያው በብረት ብቻ ከሚመታ በክርም ቢሰፋ ይጠነክራል፤ ቀለበቱ ካሜራውን በሚነካበት ቦታ ደግሞ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይደረግበት፣ አለዚያ ብረቱ የካሜራውን ቀለም ይልጠዋል። ርዝመቱን ለማስለካት ካሜራውን ከነሌንሱ ይዞ መሄድ ይገባል፤ በሰያፍ አንግቶት ቆሞ ሲለካ ካሜራው ከዳሌ አጥንት ትንሽ ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ደረጃ ሲወጡ ጭን እየመታ፣ ታክሲ ሲገቡም በር እያንኳኳ ያስቸግራል።